ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምትን የሚገታ መስኮት እንዴት ይሠራል?

በብረት ላሜራ በተለበጠ ክፍል ላይ መስኮት ማውጣት ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት ግን አስቸጋሪ ነው። ክፍሉ በላሜራ የተለበጠው ከውጭ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድም ሆነ ድንገተኛ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት በውስጡ ያሉትን መሣሪያዎች እንዳይነካ ነው። መስኮት ደግሞ በዚያ ላሜራ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ክፍል ያለ መስኮት አይሆንም። የኤም.አር.አይ. ባለሙያ ማሽኑ ውስጥ የተኛውን ታካሚ በዓይኑ ማየት አለበት፤ በአደጋ ጊዜ መገናኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ደጁ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ሳያይ በሩን መክፈት የለበትም።

ይህ መመሪያ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የማይከፈት መስኮት ከባዶ ጀምሮ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የተጻፈው በብረታ ብረትና በመስታወት ሥራ እጁን ላፍታታ፣ ቴስተር መጠቀም ለሚያውቅ ሰው ነው። በየደረጃው ደጋግሜ የማነሳው አንድ ጉዳይ አለ፦ እንዲህ ያለ መስኮት የሚሳካውም የሚከሽፈውም በመሀሉ ሳይሆን በጠርዙ ነው።

ምቱ ምንድን ነው?

ከከባቢ አየር በላይ የሚፈነዳ የኑክሌር ቦምብ የሚለቀው ጨረር አየሩን ሲመታ እጅግ ፈጣንና ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ለመከላከያ ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወሰደው ልክ በሜትር 50,000 ቮልት ነው። መስኩ ወደዚህ ከፍታ የሚወጣውም በ2.5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው አይሰማውም፤ ሽቦ ግን እንደ አንቴና ይቀበለውና ጫፉ ላይ የታሰረውን ቺፕ ያቃጥላል። በ1962 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር አሜሪካ ስታርፊሽ ፕራይም የተባለውን ሙከራ በፓስፊክ ውቅያኖስ ከጆንስተን ደሴት በላይ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስታካሂድ፣ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሃዋይ ወደ 300 የሚጠጉ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። የዚያ ዘመን መሣሪያ ደግሞ ከዛሬው ቺፕ ይልቅ ብዙ ይችል ነበር።

ከምቱ ኃይል አብዛኛው የሚያርፈው ከ100 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 100 ሚሊዮን ንዝረት) በታች በሆነ ድግግሞሽ ላይ ነው። የአሜሪካ ጦር ለቋሚ የመገናኛ ጣቢያዎች ያወጣው ደረጃ ግን እስከ 1 ጊጋኸርዝ (1,000 ሜጋኸርዝ) ድረስ የ80 ዲሲቤል ከለላ ይጠይቃል። ዲሲቤሉን በቮልት ቢያስቡት ይቀልላል፦ 40 ዲሲቤል መስኩን ወደ መቶኛ፣ 60 ዲሲቤል ወደ ሺኛ፣ 80 ዲሲቤል ወደ አሥር ሺኛ ያወርደዋል። ስለዚህ በሜትር 50,000 ቮልት የነበረው ከ80 ዲሲቤል ከለላ በኋላ 5 ቮልት ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ሥራው ሳይጀመር የሚታይ

ግድግዳው ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ብቻ ከሆነ ይህን መስኮት አይሥሩ። ምቱ በግድግዳው በኩል እንደልቡ እየገባ መስኮቱን መከለል የገንዘብ ብክነት ነው። ክፍሉ ጣሪያውና ወለሉ ሳይቀር በተያያዘ ላሜራ የተለበጠ፣ በሩም በዙሪያው ሁሉ ብረት ከብረት ጋር የሚገጥምበት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ መስኮቱ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ዓላማው ውጭውን ማየት ብቻ ከሆነ ካሜራ ውጭ ተክሎ ምስሉን በፋይበር ኦፕቲክ ማስገባት ይረክሳል፤ ከለላውም ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። ፋይበሩ ከመስታወት የተሠራ ስለሆነ ምቱን ተሸክሞ አይገባም። መስኮት የሚሠራው ዓይን በቀጥታ ማየት ሲኖርበት ነው።

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ የወርክሾፕ መስኮት በ100 ሜጋኸርዝ ላይ 60 ዲሲቤል ለማግኘት ማቀድ ይችላል። የጦር ኃይሉን 80 ዲሲቤል እስከ 1 ጊጋኸርዝ የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ፣ በላብራቶሪ ተለክቶ የምስክር ወረቀት ያገኘ መስኮት መግዛት ይሻላል። የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ በግምት አይሠራም።

ስስ ልባጥ ወይስ ወንፊት?

ብርሃን እያሳለፈ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስታወት በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው መስታወቱን እንደ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ባለ ስስ ልባጥ መቀባት ነው። ጥራቱ ደስ ይላል፤ ዓይን ልባጡን ፈጽሞ አያየውም። ችግሩ ቅጥነቱ ነው። የገጽ ተቃውሞው (ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ) 10 ኦም የሆነ ልባጥ በስሌት ከ26 ዲሲቤል በላይ አይሰጥም፤ 50,000ው ቮልት 2,500 ሆኖ ይገባል። ተቃውሞውን ወደ 1 ኦም ማውረድ 45 ዲሲቤል ያህል ያስገኛል፤ ግን ዋጋው ይንራል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል።

ሁለተኛው በሁለት መስታወት መካከል ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሸመነ ወንፊት ማስገባት ነው። ለእኛ ሥራ የሚሻለው ይህ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ከቀዳዳው ስፋት በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይታያል፤ እጥፉ በበዛ ቁጥር ከለላው ይጨምራል። በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው። ከሽቦ እስከ ሽቦ ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት በዚህ ስሌት 75 ዲሲቤል ያህል ይሰጣል። በ1 ጊጋኸርዝ ሞገዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ወደ 55 ይወርዳል።

ሲገዙ በአንድ ኢንች 100 ሽቦ ያለውን፣ የሽቦው ውፍረት 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይጠይቁ። ከገጹ 64 በመቶ ያህሉ ክፍት ስለሆነ ብርሃን በቂ ነው። ቆርቆሮ (ቲን) የተለበጠ ወይም የጠቆረ መዳብ ቢገኝ ይመረጣል፤ ጥቁሩ ብርሃን ስለማያንጸባርቅ ዓይን ወንፊቱን አልፎ ከበስተጀርባው ያለውን በቀላሉ ያያል። ለወባ መከላከያ የሚሸጠው የመስኮት ወንፊት ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ብዙውም ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ለመሆኑ ጠርዙን ለምን አብዝቼ አነሳለሁ? ያንኑ ስሌት ጠርዙ ላይ ያውሉት። ወንፊቱ 75 ዲሲቤል ሊሰጥ ይችላል። ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ቀለም ሳይፋቅ ቀርቶ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ባይነካካ፣ ያቺ ስንጥቅ ብቻዋን በ100 ሜጋኸርዝ ከለላውን ወደ 34 ታወርደዋለች። በ1 ጊጋኸርዝ የሚቀረው 14 ብቻ ነው። ስንጥቋ ፀጉር ታህል ብትቀጥን ለውጥ የለውም፤ ወሳኙ ርዝመቷ ነው። ስፌቱ የተተረተረ በርሜል ብረቱ የቱንም ያህል ቢወፍር ውሃ እንደማይዝ ሁሉ፣ ይህም መስኮት በወንፊቱ ጥራት ብቻ አይድንም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

60 በ40 ከሚሆነው ክፍት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሁለት መስታወቶች፤ 70 በ50 የሆነ የመዳብ ወንፊት፤ ለቋሚው ፍሬም 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት፤ ወንፊቱን በቋሚው ላይ ለሚጫነው መጫኛ ፍሬም ተመሳሳይ ስፋት ያለውና 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከነሮንዴላቸው፤ ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚውል የቆርቆሮ ብየዳ ሽቦና ማጽጃው፤ ንጹህ አልኮል፤ የጥጥ ጓንት፤ ወስፌ።

በዙሪያው ለሚገባው ማሸጊያ በገበያ የሚሸጥ፣ ጎማ ላይ የተሸመነ ቆርቆሮ ለበስ የሽቦ ገመድ አለ። ካልተገኘ ከወፍራም የአንቴና ኬብል ውስጥ የመዳቡን ሽሩባ አውጥቶ ለስላሳ የጎማ ገመድ ላይ ማልበስ ይቻላል።

ሲሊኮን ሲገዙ ሽታውን ይጠይቁ። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ስለሚለቅ መዳብን ይበላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ወንፊቱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። ሽታ አልባ የሆነውን ይውሰዱ።

የአሉሚኒየም ፍሬም በየሰፈሩ የሚሠራ፣ የሚያምርና ቀላል ነው፤ እዚህ ግን አይጠቅምም። ገጹ ላይ ያለው ቀለም ወይም ጥበቃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቢፋቅም አሉሚኒየም ወዲያው አዲስ የማያስተላልፍ ሽፋን ያበጃል። ከመዳብ ጋር እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል።

አንደኛ ደረጃ፦ ቋሚው ፍሬም

ላሜራውን በልኩ ቆርጠው ጠፍጣፋውን ብረት ከክፍሉ በውስጥ በኩል በዙሪያው ይበይዱ። ብየዳው ያልተቋረጠ ይሁን። ነጥብ ነጥብ እየተደረገ የሚበየድ ፍሬም ለቤት መስኮት ይበቃል፤ እዚህ ግን በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ስንጥቅ ነው። አራቱ ማዕዘኖችም እስከ ጥጋቸው ተበይደው ፍጹም እኩል እስኪሆኑ ይሞረዱ። ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተው ከሥሩ ብርሃን ሲያልፍ ካዩ ገና ነው።

ከዚያ ብሎኖቹን ፍሬሙ ላይ እንደ ችንካር ቆመው እንዲቀሩ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይበይዷቸው። ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይጠጉ፤ በብሎኖቹና በመስታወቱ መካከል ማሸጊያው ሳይቋረጥ የሚዞርበት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹህ መንገድ ይቅር።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመገናኛው ገጽ

ይህን መንገድ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፤ በአልኮል ይጥረጉት፤ ከዚያ ቆርቆሮ አቅልጠው በስሱ ይቀቡት። ቆርቆሮ ከመዳብም ከብረትም ጋር ተስማምቶ የሚኖር ስለሆነ በሁለቱ መካከል ዝገት እንዳይፈጠር ያደርጋል። ላሜራው ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ መስኮትና በር ከፍተው፣ ተገቢውን ጭንብል አድርገው ይሥሩ። መጫኛውንም ፍሬም ከወንፊቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል እንዲሁ ያዘጋጁት። ቀለም የሚቀባው ከዚህ መንገድ ውጭ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ወንፊቱን መቁረጥ

ጓንት ያድርጉ። የጣት ላብ መዳብ ላይ የሚተወው አሻራ ከቀናት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል፤ ያኔ በመስታወት ውስጥ ስለሆነ ማጽዳት አይቻልም። ወንፊቱን ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በሚቆረጥበት መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና በፕላስተሩ መሀል፣ የአንድን ሽቦ መስመር ተከትለው ይቁረጡ። እንዲህ ካልሆነ ጠርዙ እየተፈታ ሽቦው በእጅዎ ይቀራል። ከጥግ ወደ ጥግ አይጎትቱት፤ አራት ማዕዘን የነበረው ቀዳዳ ይጣመምና ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። ፕላስተሩን ሲያነሱ ሙጫው እንዳይቀር በአልኮል ይጥረጉ።

አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነው ትርፍ የመጨረሻዋን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠፏት። የተፈታ የሽቦ ጫፍ አይወጣም፤ ጠርዙም ድርብ ይሆናል። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ብዙ ሰው በመቀስ ቀዶ ይገላገላል፤ ይህ ትልቁን ስንጥቅ በገዛ እጅ መክፈት ነው። ሳይቆርጡ ያጥፉት፤ እጥፋቱ እንዳይወፍር ጠፍጠፍ አድርገው በጥቂት ቆርቆሮ ያጣብቁት።

አራተኛ ደረጃ፦ መገጣጠም

ፀሐያማና ደረቅ ቀን ይምረጡ። በዝናብ ወቅት የተዘጋ እርጥበት ሌሊት መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ይሆናል።

የመጀመሪያውን መስታወት ከውጭ በኩል በሚደግፍ ቀጭን ዘንግ ላይ አስደግፈው፣ ገጹ ከቋሚው ፍሬም ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን በክፍቱ ቦታ ያስቀምጡት፤ በዙሪያውም ሲሊኮን ይሙሉ። ሲሊኮኑ በቆርቆሮ ወደቀቡት መንገድ ከፈሰሰ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አስቀድመው በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ሲደርቅም ያንሱት።

ወንፊቱን ከላይ ይዘርጉ። ብሎኖቹ በሚያልፉበት ቦታ ወንፊቱን አይብሱት፤ በወስፌ ሽቦዎቹን ገለጥ እያደረጉ ያሳልፏቸው፤ ሽቦው ሳይቆረጥ ብሎኑን ያቅፋል። ከዚያ ማሸጊያውን ገመድ ከብሎኖቹ በውስጥ በኩል አንድ ዙር ያዙሩት። ጫፎቹ የሚገናኙት በማዕዘን ላይ ሳይሆን ከታች በኩል መሀል ላይ ይሁን፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን ለጎን ተደራርበው ይጠናቀቁ።

መጫኛውን ፍሬም ያስገቡ፤ ሮንዴላና ዳዶ ያድርጉ። ሲያጠብቁ አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው አይሂዱ፤ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ይጠምዝዙ። ገመዱ ከውፍረቱ ሩብ ያህሉን ሲያጣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ በብሎኖቹ መካከል ያለውን ብረት ያጎብጥና ያልተነካካ ቦታ ይፈጥራል። በመጨረሻ ሁለተኛው መስታወት በመጫኛው ፍሬም ውስጥ ወንፊቱ ላይ ተኝቶ በሲሊኮንና በቀጭን ክፈፍ ይያዛል። መስታወቱ የብሎኖቹን ጫና ፈጽሞ አይሸከም።

ከለላው እንዲጨምር ሁለት ወንፊት ለማድረግ የሚያስቡ ሰዎች በመካከሉ ሦስተኛ መስታወት ያስገባሉ። ያኔ ብርሃኑ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ ወንፊቶች በአንድ አቅጣጫ ከተዘረጉ ደግሞ ዓይን የሚያደክም ሞገድ መሰል ጥላ ይታያል፤ አንዱን ጥላው እስኪጠፋ ሰያፍ ማዞር ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ፍተሻ

በቴስተር ወንፊቱንና ፍሬሙን መለካት የመጀመሪያው ነው። ዜሮ ያህል ማንበብ አለበት፤ ካልሆነ ወደ ሌላው አይለፉ። ይሁንና ቴስተር አንድ ቦታ ላይ መነካካቱን እንጂ በዙሪያው ሁሉ መነካካቱን አይነግርም።

ቀጥሎ የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ሥርጭት ለእኛ ከሚያሳስበን ድግግሞሽ ጋር ስለሚገጥም ጥሩ መፈተሻ ነው። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይዘው ይግቡ፤ አዲስ አበባ ከሆኑ 97.1 ላይ ያድርጉት፤ በሩን ይዝጉ። ድምፁ ከጠፋ መልካም ነው፤ ካልጠፋ አንቴናውን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ያዙሩት። ድምፁ የሚጎላበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማዕዘን ወይም የላላ ብሎን ነው። በሞባይል ስልክ መፈተን ግን ያሳስታል፤ የስልክ መቀበያ እጅግ ደካማ ሞገድ ስለሚይዝ ደህና ከለላ ውስጥም ሊጠራ ይችላል።

ቁጥር ከፈለጉ በኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አነስተኛ የሬዲዮ መቀበያ ይጠቀሙ። የጣቢያውን ጉልበት ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ክፍቱ ቦታ ባዶ ሳለ፣ በወንፊቱ ፋንታ ድፍን ላሜራ በተመሳሳይ ማሸጊያና በዚያው ፍሬም ታስሮበት ሳለ፣ መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ። የድፍኑ ላሜራ ልኬት ሥራው ሁሉ የሚመዘንበት ነው፤ ስለዚህ ወንፊቱን ከመዘርጋትዎ በፊት ይለኩት። ላሜራው ታስሮም ሞገዱ ከገባ ጥፋቱ የማሸጊያው፣ የበሩ ወይም የግድግዳው ነው፤ ወንፊት ቢቀይሩ ለውጥ አይመጣም። ላሜራው ዘግቶ መስኮቱ ካሳለፈ ግን ጥፋቱ በወንፊቱ ወይም በእጥፋቱ ላይ ነው። ርካሽ መቀበያ በአንድ ጊዜ ከ50 ዲሲቤል ብዙም የማይበልጥ ልዩነት ነው የሚያነብበው፤ ከዚያ በላይ ያለውን በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ ይጥሩ። የራስዎን ማሰራጫ አቁመው መሞከር ቢፈልጉ ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

በመስኮቱ አጠገብ የሚያልፍ ሽቦ

መስኮቱ ተሳክቶ ክፍሉ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሽቦ ነው። አንድ የካሜራ ወይም የደወል ገመድ በላሜራው ቀዳዳ አልፎ ከገባ ምቱን ውጭ ተቀብሎ ውስጥ ያራግፈዋል፤ ያን ሁሉ ዲሲቤልም ከንቱ ያደርገዋል። የመብራት መስመር ላሜራው ላይ በተገጠመ ማጣሪያ በኩል ብቻ ይግባ። ፋይበር ኦፕቲክ ውስጡ 1 ሳንቲ ሜትር በሆነና ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም፣ ዙሪያውን ከላሜራው ጋር በተበየደ የብረት ቱቦ ይግባ፤ እንዲህ ባለ ጠባብ ቱቦ እስከ 1 ጊጋኸርዝ ያለ ሞገድ አያልፍም። በቱቦው ውስጥ ግን ምንም ዓይነት የብረት ሽቦ አይለፍ፤ ፋይበሩን ለማጠንከር የሚገባው ቀጭን ሽቦ እንኳ ቢሆን ተቆርጦ ይውጣ።

እንክብካቤ

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ብሎኖቹን በእጅ ይሞክሩ፤ የኤፍ.ኤም. ፍተሻውንም ይድገሙ። ማሸጊያው ገመድ አንዴ ከተፈታ እንደገና አይታሰር፤ የተጨመቀ ጎማ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፤ ስለዚህ ሲገዙ ለአንድ ዙር የሚበቃ ትርፍ ይያዙ። ወንፊቱም ከዚያው ጥቅል አንድ ቁራጭ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ በሌላ ጊዜ የሚገዛው የሽቦው ውፍረትም ቀለሙም ሊለይ ይችላል። ቤቱ ሲታደስ ቀለም ቀቢው ፍሬሙን ፈትቶ አጽድቶ ቀብቶ መልሶ እንዳያስረው፣ መጫኛው ፍሬም ላይ «አይፈታ፣ ቀለም አይቀባ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይለጠፍ።